«በሰላም ገባን»

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ «እኛ አንጠጣም፤ ይህ ጽሑፍ አይመለከተንም» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጠጥቶ የነዳና በሰላም የገባ ሰው፣ ጠጥቶ ነድቶ ሰው ከገደለው በምን ይሻላል?

ጥያቄው የመጣብኝ ከራሴ ነው። በጥር፣ በሰርግ ሰሞን፣ ማታ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ዘመዳችን አረቄ ጠጥቶ ነበር። ሽታው ገና በሩን ስከፍት ደርሶኛል። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም ብዬ ከኋላ ተቀመጥሁ። በሰላም ገባን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬም ተኛሁ። ጠዋት ግን ያ ምስጋና ከበደኝ።

ከደባርቅ ወርዶ ሊማሊሞን የሚያልፍ ሾፌር ገደሉን እያየ ይጠነቀቃል፤ ተሳፋሪውም ይጸልያል። በከተማ ግን ገደሉ አይታይም። የጎንደር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በምሽት እግረኛውም፣ ባጃጁም፣ አህያውም አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። አልኮል ደግሞ ቀድሞ የሚያዛባው ማመዛዘንን ነው፤ ሰውየው እግሩ ሳይወላገድ ርቀትና ፍጥነት ይሳሳትበታል፣ እርሱ ግን «ደህና ነኝ» ይላል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ «ሁለት መለኪያ ብቻ» ያለ ሰው ምን ያህል አልኮል እንደጠጣ አያውቅም። ቡና ቢጠጣም እንቅልፉን ያባርርለት እንደሆነ እንጂ አልኮሉን ከደሙ አያወጣለትም፤ ለዚያ ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

የሙሴ ሕግ በዚህ ላይ የሚያስተምረን አለ (ዘፀአት 21፥28-29)። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱ ራሱ በሕይወቱ ይጠየቃል። ልዩነቱ ማወቁ ነው። ጥፋቱ የጀመረው በሬው በወጋ ቀን ሳይሆን ሰውየው እያወቀ በረቱን ክፍት በተወ ቀን ነው። ስለዚህ ጠጥቶ የነዳ ሰው በሰላም ቢገባ ምሕረት አገኘ እንጂ ንጹሕ አልሆነም።

«በሬው የእኔ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን በሕዝቅኤል 33፥6 ያለው ጉበኛም ሰይፉ የእርሱ አልነበረም፤ የተጠየቀው አይቶ መለከት ስላልነፋ ነው። በዚያች መኪና ውስጥ አእምሮው ጥርት ያለ እኔ ነበርሁ። አለመጠጣቴ ይበልጥ ተጠያቂ አደረገኝ እንጂ ነጻ አላወጣኝም።

እንግዲህ አለመጠጣታችን መመኪያ አይሁንብን፤ ለጎረቤታችን የምናገለግልበት ይሁን። ወደ ሰርግ ስትሄዱ ማን እንደሚነዳ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማታ ላይ «ጋሼ፣ ዛሬ እዚሁ ይደሩ፤ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ» በሉ። ይቆጡ ይሆናል፤ ቁጣቸው ነገ ይበርዳል። እምቢ ካሉ ሌሎች ሽማግሌዎችን ጥሩ፤ እናንተም አብራችሁ አትሳፈሩ።

«በሰላም ገባን» ስንል በዚያ ጨለማ በእግሩ ይሄድ የነበረውንም ሰው እናስብ። እርሱም ቤቱ የሚጠብቀው አለው።