ስላላየኋት ወፍ

የማይታይ ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በነሐሴ ጭቃ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የበርጋ ጨፌ ዳር፣ ካሜራ አንግቤ የዋልኩበት ቀን ነው። ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል፣ ርዝመቷ 15 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ወፍ በክረምት እዚህ ቄጠማ ውስጥ ትራባለች። መራባቷ የተረጋገጠው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች።

ቀኑ አልገፋ አለ። ጋጋኖዎች እየጮኹ ያልፋሉ፤ ክንፈ ሰማያዊ ዝይዎች ውኃው ዳር ሣር ይነጫሉ። የሩዤ ሬል የሚሉት ቡናማ ወፍ ከቄጠማው ወጥቶ ጭራውን እየነቀነቀ ፊት ለፊቴ ይመላለሳል፤ ከጭራው ሥር ያለው ነጭ ብልጭ ባለ ቁጥር አነሣዋለሁ። ፍላፍቴሏ ግን የለችም። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን «የለችም» ማለቴ ራሱ አጠራጠረኝ። ያየሁት የቄጠማውን ጫፍ እንጂ ውስጡን አይደለም፤ «አላየኋትም» ከማለት አልፌ ምንም መናገር አይቻለኝም።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ላሞቹ እንኳ ይገባሉ፤ እርስዎ ለምን አይገቡም?» አለኝ።

ልክ ነው፤ ወፏን የሚቆጥሩ ሰዎች ተሰልፈው ቄጠማውን እየረገጡ ይሄዳሉ። እሷም ከእግራቸው ሥር ድንገት ተነሥታ፣ የክንፏን ነጭ አሳይታ፣ ጥቂት በርራ ተመልሳ ትሰወራለች። በመደንገጧ ትታወቃለች ማለት ነው። በከብት ኮቴ ላይ የእኔ ቦቲ ምን ይጨምራል? ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን ላሟ የምትገባው ሣር ፈልጋ ነው፤ እኔ የምገባው ወፏን ራሷን ፈልጌ ነው። እስከ መደበቂያዋ እከተላታለሁ፤ ፎቶው ካልጠራልኝ ደግሜ አስነሣታለሁ። ጎጆዋ መሬት ላይ ነው፤ እንቁላል ብረግጥ እንኳ ላላውቅ እችላለሁ።

ታዲያ ማንም ባይገባ ይሻል ነበር? አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 በርጋ ላይ መራባቷ የታወቀው ጭቃውን የደፈሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ ነዋሪዎቹ ጨፌዋን የሚጠብቅ ቡድን ያቋቋሙትም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ መግባት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ መለኪያው ከመግባቱ ለወፏ የሚተርፋት ነገር ነው። ከእኔ ፎቶስ ምን ይተርፋታል? ሰው ያላየውን አይሳሳለትም፣ ፎቶው ያሳሳዋል ብዬ ለራሴ ተሟገትኩ፤ ይህ ሙግት በቀላሉ የሚረታ አይደለም።

የረታልኝ የደቡብ አፍሪካው ሚድልፑንት ጨፌ ነው። እዚያ ተመራማሪዎች በራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎችን ቄጠማው ውስጥ ተክለው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያም እንደምትራባ የታወቀው በእነዚሁ ካሜራዎች ነው። ካሜራ ለመትከልም መግባት ያስፈልጋል፤ ዳሩ ግን ተክሎ መውጣትና ቀኑን ሙሉ ሲያሳድዱ መዋል አንድ አይደሉም። ሰው የሚሳሳላት ምስል ሳያሳድዷት ከተገኘ፣ የእኔ ምክንያት ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ፍርዴ ይህ ነው፤ በመራቢያዋ ወራት ለፎቶ ብሎ ወደ በርጋ ቄጠማ መግባት አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ከዳር ቁሙ፤ ጨፌዋን የሚጠብቁትን ነዋሪዎችም ጠይቁ፣ የሚሏችሁንም ስሙ።