የማስታወስ ዋጋ

አባቶቻችን አንድን ነገር ለትውልድ ለማቆየት በፈለጉ ጊዜ ዋጋውን አስቀድመው ያስቡ ነበር። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በጎችና ፍየሎች ቆዳ፣ የብራና ፋቂው ላብና የጸሐፊው ረዥም ድካም ይጠይቅ ስለ ነበር፣ በብራና ላይ የሚሰፍረው ተመርጦ ነው። የኮምፒዩተር ዘመን ሲጀምርም ነገሩ ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ መሣሪያ 50 ታላላቅ ዲስኮች ተደርድረውበት 5 ሚሊዮን ያህል ሆሄያትን ብቻ ይይዝ ነበር፤ ከነኮምፒዩተሩ የሚከራየውም በወር 3,200 ዶላር ነበር። ዛሬ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከዚያ ከ12,000 እጥፍ በላይ ይይዛል፤ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው።

እንግዲህ መረጃ ማከማቸት እንዲህ ከረከሰ፣ የሚጠበቀውን የመምረጥ ኃላፊነታችንም አብሮ ቀርቷልን? እኛ እንደሚመስለን አልቀረም፤ እንዲያውም ከብዷል።

በመጀመሪያ፣ ሳይመዘገብ የቀረውን እናስብ። በአሶሳና በመላው ክልላችን የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ታሪክና የዕርቅ ሥርዓት ለብዙ ዘመን የኖረው በብራና ሳይሆን በሽማግሌዎች ልብና አንደበት ነው። አንድ አዛውንት ሲያርፉ የሚያውቁት አብሯቸው ይቀበራል። ቀድሞ “መቅጃው ውድ ነው” ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ ግን በወጣቱ እጅ ያለው ስልክ የብዙ ሰዓት ትረካ ይይዛል። የጎደለው ማከማቻ ሳይሆን ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ብዙ ንጹሓን ተገድለዋል፤ አያሌዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። የዚያ ጊዜ ሥዕልና የቁጣ ቃል በየስልኩ ተቀምጧል። ቀድሞ የጊዜ ርዝመት ራሱ የበቀልን ስለት ያዶለዱም ነበር፤ አሁን ግን የትናንቱ ቁስል ስልክ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይደማል። ታዲያ ሁሉን እንደምስሰውን? አይገባም። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” እንደሚባለው፣ የሟቾቹን ስምና የደረሰባቸውን ግፍ ማጥፋት ሁለተኛ ግፍ ነው፤ እውነት ያልተነገረበት ዕርቅም አይጸናም።

ስለዚህ መለየት ይገባናል። ለፍርድና ለዕርቅ ምስክር የሚሆነውን በታመነ እጅ እናኑር፤ ለበቀል ማገዶ እንዲሆን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ ይቁም። መሣሪያው የሰጡትን ሁሉ ይይዛል፤ የትኛው ለፍትሕ፣ የትኛው ለቂም እንደሆነ ግን አያውቅም፤ ይቅር ማለትም አይችልም። ያ የእኛ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ዛሬም እንደ ጥንቱ ውድ ነው።