ማንጎ የሚተክል ሰው ምን አምኖ ነው?

የሃይማኖትና የተስፋ ነገር ሲነሣ በእኛ በተማሪዎች መካከል ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ተስፋ የሰማዩ ነው፤ ምድር ላይማ ምን አለና!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ይኸ እኮ ድሀውን ማደንዘዣ ነው፤ ሰው በመንግሥተ ሰማያት እየተደለለ ጎጆው ሲፈርስ ዝም ይላል» ሲል ይመልሳል። ልብ ብለን ካየናቸው ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ተስፋን ከቤትና ከጓሮ ውጭ ማስቀመጣቸው ነው። እኛ በዚህች ጽሑፍ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ክርስቲያናዊ ተስፋ ጎመን በሚኮተኮትበት፣ ልጅ በሚታጠብበት፣ ቡና በሚፈላበት ስፍራ ይገኛል ወይ? ቢገኝስ፣ ያ ጓሮ ከባለቤቱ በተነጠቀ ጊዜ ምን ይሆናል?

እስቲ ጥያቄውን ወደ አንድ የታወቀ ቦታ ወስደን እንፈትነው። ከነቀምቴ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ሲወርዱ የአንገር ሸለቆ ይገኛል፤ አንገር ጉቲንም ያለችው እዚያው ነው። አገሩ ቆላ ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል፤ ወባ አለበት፤ ከብት የሚፈጀው የገንዲ ዝንብም የታወቀ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በታላቁ ረሀብ ምክንያት 6 መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ወለጋ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። የአንገር ሸለቆም ሰፋሪ ከሰፈረባቸው ቦታዎች መካከል ነው። የመጣው ሁሉ ወድዶ አልመጣም። ቀድሞ በአካባቢው ይኖር የነበረውን የኦሮሞ ገበሬም ቢሆን በቅጡ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ የደረሰ ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ጎጆ ይቀልሳል። ቀጥሎ ከጎጆው ጀርባ ጎመን፣ ቃሪያና ዱባ ይዘራል። ይኸ ለሆድ ነው፤ ለማንም ግልጽ ነው። ነገር ግን ማንጎም ይተክላል። ከፍሬው የሚበቅል ማንጎ እንኳን ለዘንድሮ ለከርሞም አይደርስም፤ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። ወባ ሲያንቀጠቅጠው የሚያድር፣ ነገ የት እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ይህን ፍሬ አፈር የሚያለብሰው ምን አምኖ ነው? እኔ እበላዋለሁ ብሎ ነው እንዳንል እርግጠኛ አይደለም። የሚበላው ሰው ይኖራል ብሎ ነው። እንግዲህ የእምነት ትርጉም ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

ምኞትንና ተስፋን አንድ አድርገን ማየት ለምደናል። ምኞት ግን ምንም አያስከፍልም፤ ተኝተውም ይመኙታል። ተስፋ ዋጋ አለው። ከሸለቆው ወደ ነቀምቴ ደጋ ብንወጣ የወለጋ ጓሮ ጌጥ የሆነውን አንጮቴን እናገኛለን። ሐረጉ አጥር ላይ ይሳባል፤ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ በቂቤ ተለውሶ በተለይ ለመስቀል ይቀርባል። ለዘር የተተወው ሥር ግን አይነካም፤ መሬት ውስጥ እንዳለ ይከርማል። ክረምቱ ጠንቶ ልጆች በራባቸው ጊዜ እንኳ እናቲቱ ያን ሥር እያወቀች ታልፈዋለች። ማለፏ ልጆቿን ስለማትወድ አይደለም፤ የሚመጣውም ዓመት ልጆች እንዳሉበት ስለምታውቅ ነው። ይህን ያየ ልጅ ስለ ተስፋ ብዙ ስብከት አያስፈልገውም።

ቤትም እንደ ጓሮው ነው። ሰው በቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት ሰዓት ደግ ሆኖ መቆም አያቅተውም። በቤቱ ግን ሚስቱና ልጆቹ ያውቁታል፤ አብረውት የሚያድሩትን ማታለል አይችልም። ይቅርታ ማለት የሩቁን ጠላት በልብ መማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ትናንት የተጣላንን ወንድም ዛሬ ከአንድ መሶብ አብሮ መብላት ነው ከባዱ። በጾም ወራት የጓሮ ጎመንና ድንች ወደ ገበታ ሲመጣ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እየተደገመ ጎረቤት ሲጠራ፣ እምነት ከቃል ወደ እጅ ይወርዳል። ጎረቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ በሌላም ቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ሊሆን ይችላል። ስኒው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

«ይኸማ ከዓለም መሸሽ ነው» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። እውነትም የቮልቴር ካንዲድ፣ በ1759 (እ.ኤ.አ.) የታተመው መጽሐፍ ጀግና፣ ከዚያ ሁሉ መከራና ክርክር በኋላ መጨረሻው ጓሮ ነው። የእኛ ጓሮ ግን አጥሩ ስስ ነው፤ ክፉውም በጎውም ዘልቆ ይገባል። የወለጋው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለውጭ አገር አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ መለየት ልክ እንዳልሆነ ተከራክራ ነበር። ሰው ሙሉ ነው፤ አይከፈልም ማለት ነው። እኒህ ሰው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። እንግዲህ ስለ ዕለት ኑሮና ስለ እምነት አንድነት መናገር ከዓለም መሸሽ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ባላስከፈለ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በኪረሙ፣ በጊዳ አያናና በአካባቢው በደረሰው ግጭት አማራውም ኦሮሞውም ተገድሏል፤ ብዙ ሺህ ሰው ጓሮውን ጥሎ ተሰድዷል። አንዳንዱ ቤተሰብ አባቱ በረሀብ ዘመን የተሰደደ፣ ልጁም በተራው የተሰደደ ነው። ለዚህ ሰው «አይዞህ፣ እንደገና ትከል» ማለት ቀላል ነው፤ የሚለው ግን ያልተፈናቀለው ነው። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ሁለተኛው ወገን እንዳለው ማደንዘዣ ቢባል አንከራከርም።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተጋዙት ወገኖቹ ደብዳቤ በጻፈ ጊዜ ይኸው ችግር ነበረበት። ሌሎቹ ነቢያት ምርኮው ቶሎ ያበቃል እያሉ ሕዝቡን ያስደስቱ ነበር። እሱ ግን ዘመኑ 70 ዓመት መሆኑን አልሸሸገም። ይህን ከነገራቸው ጋራ ግን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ወልደው እንዲከብዱ፣ ላሉባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አሳሰባቸው። ግፉን ግፍ ማለቱን አልተወም፤ መመለሳቸውንም አልካደም። የተስፋ ቃል ማደንዘዣ የማይሆነው እንዲህ እውነቱን ይዞ ሲመጣ ነው።

ከዚህም የሚከተል ግዴታ አለ፤ ግዴታውም የሚወድቀው በተፈናቀለው ላይ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በሌለበት ጓሮ የቆመ ማንጎ አፍርቶ ሲገኝ የማን ነው? «ባለቤቱ ሄዷል» ብሎ መልቀምም፣ ቆርጦ ማገዶ ማድረግም ይቻላል። ለባለቤቱ መጠበቅም ይቻላል። ክርስቲያን ነኝ የሚል ጎረቤት እምነቱ የሚለካው እዚህ ነው እንላለን። የተከለው ሰው የሚበላው ይኖራል ብሎ አምኖ ነበር፤ ሲተክል ግን ቀማኛ ይብላልኝ አላለም። ስለዚህ የሰውን ዛፍ መጠበቅ የሰውን ተስፋ መጠበቅ ነው። የጓሮ ተስፋና የፍትሕ ጥያቄ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ጓሮ የሌለው ፍትሕ ባዶ ወረቀት ነው፣ ፍትሕ የሌለውም ጓሮ በማግሥቱ ይወረሳል።

መግደላዊት ማርያም ከሞት የተነሣውን ጌታ ባየችው ጊዜ አትክልተኛ መስሏት እንደነበር በወንጌል ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ይህን የማርያም ስሕተት ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛ ግን እንዲያው ያለ ነገር የተጻፈ አይመስለንም። የተስፋ ሁሉ ራስ የሆነው አትክልተኛ መስሎ ከታየ፣ ጓሮ የሚኮተኩት ሰው ከእምነት ሩቅ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

የክረምቱ ዕረፍት ሲደርስ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን እንገባለን። ዝናቡ የችግኝ ጊዜ ነው። እናቶቻችን ዶማ ሲያቀብሉን «እኛ እኮ የተማርን ነን» ብለን ፊት አንንሳቸው። አንድ ችግኝ እንትከል፤ ከተከልንም በኋላ ወዲያና ወዲህ ወዳለው አጥር ቀና ብለን ባዶውን የቀረው ጓሮ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱም መቼ እንደሚመለስ እንጠይቅ።