የወደቀ ዛፍ፣ ምሳርና ጉቶ

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዛፍ አያስብም። የሚታየው ከሥልጣኑ የወረደ ሹም፣ የከሰረ ነጋዴ ወይም በክስ የተያዘ ባለሀብት ነው። ትናንት ቆሞ ሳለ ጥላው ሥር ያረፉት፣ መሬት ሲነካ አንዱ ለማገር፣ ሌላው ለማገዶ ሊፈልጡት ይሽቀዳደማሉ። ተረቱ አያዝንም፣ አይመክርምም፤ የሰውን ጠባይ አይቶ «እንዲህ ነው» ብሎ ያልፋል።

አባባሉ በግልጽ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ የሩጫ ሜዳ ነው። አትሌት ሲጎዳ፣ ስትወልድ ወይም ዕድሜው ሲገፋ ምሳሩ ቶሎ ይመዘዛል። «አበቃለት»፣ «ወልዳ ተቀመጠች»፣ «ለወጣት ይልቀቅ» ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ሳይመለስ ይቀራል። ሌላው ግን ከዓመታት በኋላ በባዕድ አገር ጎዳና ላይ አንደኛ ሆኖ ይታያል። ታዲያ ተረቱ የቱ ላይ ይሠራል?

መጀመሪያ ወደ ዛፉ እንመለስ። ተረቱ የወደቀው ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ አይናገርም፤ የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ በመካነ ኢየሱስ አካባቢ ያለው ደጋ ሁለቱንም ያውቃል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚታየው ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። በምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባህር ዛፍ ግን በተቆረጠ ማግስት ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ያወጣል፤ ገበሬው ደካማውን አንስቶ ጠንካራውን ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት ይቆርጣል። እንግዲህ ምሳር መብዛቱ ብቻ የዛፉን ዕጣ አይነግረንም። መሬት ውስጥ ምን እንደቀረ ማየት ያስፈልጋል።

በሩጫ ታሪካችን ምሳር የበዛበትን ሰው ለሚፈልግ ከሻምበል ምሩጽ ይፍጠር የበለጠ አይገኝም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው አመለጠው። ለምን እንደቀረ ብዙ ተባለ፤ አገር ቤት ሲገባም ታሰረ። በ1973 ሌጎስ ላይ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በ1976 ደግሞ ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሷን ስላገለለች ሌላ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1980 ሞስኮ ሲደርስ ዕድሜው የሌሎቹ ሯጮች መነጋገሪያ ነበር። በመጨረሻው ዙር ባፈተለከበት ፍጥነት «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ሰው ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። በማጣሪያ መቅረትና በሁለት ወርቅ መካከል ስምንት ዓመት አለ።

የደራርቱ ቱሉ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር በ31:06.02 ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1996 አትላንታ አራተኛ ወጣች፤ በ1998 ልጅ ወለደች። «ደራርቱ በቃት» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። በ2000 ሲድኒ ላይ ግን ጌጤ ዋሚን አስከትላ በ30:17.49 ገባች። ይህ ከባርሴሎናው ሰዓቷ ከ48 ሰከንድ በላይ የፈጠነ ነው። ወደ ነበረችበት ተመለሰች ማለት አይበቃም፤ አልፋው ሄዳለች። በኖቬምበር 2009 የ37 ዓመት ሴት ሆና የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2:28:52 አሸነፈች፤ በዚያ ውድድር ታሪክ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አሸናፊ እርሷ ናት። ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ሉድሚላ ፔትሮቫ ደግሞ አርባን ያለፈች ነበረች።

እዚህ ላይ አካል እንዴት እንደሚመለስ ማየት ይጠቅማል። ልምምድ ያቆመ ሯጭ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ሰውነቱ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክስጅንም ይወርዳል። ሲመለስ ልብና ሳምባ ይቀድማሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ይዘገያሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ትንፋሹ የተመለሰለት ሰው እግሩም የተመለሰ ይመስለዋል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ይጎዳል። ብዙ «አበቃለት» የተባለ ሯጭ የወደቀው በመጀመሪያው ጉዳት ሳይሆን በችኮላ በተመለሰበት ሁለተኛው ጉዳት ነው።

ስለዚህ ነው አሠልጣኞች የተጎዳን ሯጭ ወደ ውኃና ወደ ብስክሌት የሚልኩት፤ ልብ ይሠራል፣ እግር ግን መሬት አይደበድብም። ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘው ውድድር ትሪያትሎን ነው፤ በኦሊምፒክ ልኩ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለ ዕረፍት ይከተላሉ። በኦሊምፒክ የገባው በሲድኒ፣ ደራርቱ በተመለሰችበት በዚያው ዓመት ነው። በዚህ ስፖርት ስለ መመለስ የሚነሳ ስም የስዊዘርላንዷ ኒኮላ ስፒሪግ ነው። በ2012 ለንደን ላይ እርሷና ስዊድናዊቷ ሊሳ ኖርደን በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በ1:59:48 ገቡ፤ አሸናፊዋ በፎቶ ተለየች፤ ወርቁ የስፒሪግ ሆነ። በዓመቱ ወለደች፤ በ2016 ሪዮ ላይ ብር አገኘች። ሁለት ልጆች ጨምራ በ39 ዓመቷ በቶኪዮ ስድስተኛ ወጣች። የሦስት ልጆች እናት ከዓለም ስድስተኛ መውጣቷን መውደቅ ብሎ የሚጠራው ምሳር የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ቀነኒሳ በቀለ ምሳሩን ደጋግሞ ቀምሷል። በ2008 ቤጂንግ፣ በ2009 ደግሞ በርሊን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ድርብ ድል ያገኘው ሰው በባቱ ጉዳት ከሜዳ ራቀ። በ2011 ዴጉ ላይ የ10,000 ሜትሩን ውድድር አቋርጦ ወጣ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ብራሰልስ ላይ በ26:43.16 አሸነፈ። በ2016 ከሪዮ ማራቶን ቡድን ሲቀር ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ፤ ከኦሊምፒኩ ማራቶን አምስት ሳምንት በኋላ በርሊን ላይ በ2:03:03 ሮጦ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ብሔራዊ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2019 እዚያው በርሊን፣ በ37 ዓመቱ፣ 2:01:41 ሲገባ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው ሁለት ሰከንድ ነበር።

ትዕግስት አሰፋ ደግሞ ወደ ወደቀችበት አልተመለሰችም። ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። የቁርጭምጭሚት ጅማቷ የትራክ ጫማ አልችል ሲል ወደ ጎዳና ወጣች። በሴፕቴምበር 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ አስገባች። ጉቶው ያው ነው፣ ያበቀለው ግን ሌላ ነው።

እስካሁን ተረቱ የተሸነፈ ይመስላል፤ ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኃይሌ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን ታሞ ሲያቋርጥ «በቃኝ» አለ፤ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ሆኖም ለ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ቡድኑ ውስጥ አልገባም፤ በ2015 ሩጫን ተሰናበተ። ፈቃድ ብቻውን አይመልስም።

በተረቱ ላይ ከባዱን ጥያቄ የሚያነሳው ግን አበበ ቢቂላ ነው። በማርች 1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ እግሩ ዳግመኛ አልቆመም። ለሕክምና በሄደበት በእንግሊዝ፣ በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1972 ሙኒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ሕዝቡ አጨበጨበለት። በዚህ ዛፍ ላይ ምሳር የሚያነሳ አልተገኘም። ሰው ምሳር የሚያነሳው ከወደቀው ላይ የሚቆርጠው ጥቅም ሲያይ ነው፤ የቡድን ቦታ፣ የስፖንሰር ገንዘብ፣ የወጣቱ ተራ። አበበ ከዚያ ሁሉ ወጥቶ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሥሩ ያለው እዚያ ነውና። ምሩጽ ከአየር ኃይል፣ ደራርቱ ከማረሚያ ቤቶች፣ ቀነኒሳ ከሙገር ሲሚንቶ ክለብ የወጡ ናቸው። ክለብ ለሯጭ ከማልያ በላይ ነው፤ ሽልማት በማይኖርበት ወርም ደመወዝ አለ። የውጭ ጫማ አምራቾች ውል ግን ለረጅም ጊዜ በውጤት ብቻ የታሰረ ነበር፤ የወለደች ሯጭም እንዳልሮጠች ተቆጥራ ክፍያዋ ይቀነስ ነበር። በ2019 አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስና ሌሎች ሯጮች ይህን በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ናይኪ በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ ለ18 ወራት ክፍያ እንደማይቀንስ አሳወቀ። ፊሊክስ ራሷ በ2018 ከወለደች በኋላ ቶኪዮ ላይ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ሜትር ቅብብል ወርቅ አግኝታለች።

ይህ ሁሉ ግን ስማቸው ለገነነ ሰዎች ነው። ከእስቴ ወይም ከስማዳ ተነስታ ክለብ የገባች፣ ገና ምንም ያላሸነፈች ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ጅማቷ ቢጎዳ ተረቱ ለእርሷ አይነገርም። መውደቋን የሚያወራ የለም፣ ምሳርም የሚይዝባት የለም፤ ውሏ ሲያልቅ ዝም ተብሎ አይታደስም፣ ወደ ቤተሰቦቿ ትመለሳለች። እንደ ደራርቱ የመመለስ ዕድል ሊኖራት የሚችለው ክለቧ በጉዳት ጊዜ ደመወዟን ካልቆረጠ፣ ጅማቷን የሚያይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኘችና አሠልጣኟ ትንፋሿ ስለተመለሰ ብቻ ለውድድር ካላቻኮላት ነው። እነዚህ ሦስቱ በክለቦችና በክልል የስፖርት ቢሮዎች የበጀት ሰነድ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ የሚችሉ ወጪዎች ናቸው።