ወንጌልን መሳለም ብቻ ይበቃናልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በቅዳሴ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ ቆመን እንሰማለን፤ መጽሐፉንም በፍርሃትና በፍቅር እንሳለማለን። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን የተሳለምነውን መጽሐፍ ገልጠን እናነባለንን?

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከደምበጫ ርቀን የሄድን ልጆች ይህን ጥያቄ በኀፍረት ተምረነዋል። በማደሪያ ክፍል አብሮን የሚኖር ተማሪ ስለ እምነታችን በትሕትና ቢጠይቀን መልስ አጣን፤ መልስ ስናጣም ተቆጣን። ያን ጊዜ ቁጣችን ለሃይማኖት መቅናት መስሎን ነበር፤ በኋላ ራሳችንን ስንመረምር ግን አለማወቃችንን የሸፈንበት ሆኖ አገኘነው። ለፈተና ወፍራም መጻሕፍትን ከዳር እስከ ዳር የምናነብ ሰዎች ከአራቱ ወንጌላት አንዱን እንኳ አንብበን አልጨረስንም ነበር።

«እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ በጾምና በጸሎት እግዚአብሔርን ደስ አሰኝተው የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ እናቶቻችን በጆሯቸው ተምረዋል፤ የሰሙትን ስብከትና ተአምር በልባቸው ጽፈው ኖረዋል። እኛ ጆሮም ዓይንም ተሰጥቶን በሁለቱም ካልተጠቀምን በእነርሱ ጽድቅ ልንመካ አንችልም።

ንባብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የገዛ አገራችን ያስተምረናል። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማና የደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች አገር ናት። በዚህ አገር የቆሎ ተማሪ ዳዊት ስለ ደገመ ብቻ ሊቅ አይባልም። ቅኔ ቤት ገብቶ የግእዙን አገባብና ምሥጢር ያጠናል፤ ከዚያም መጻሕፍት ቤት ገብቶ የብሉይንና የሐዲስን ትርጓሜ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። መምህሩ ቃሉን ይተረጉምና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ፍቺ ያመጣል። ተማሪው ይህን ሁሉ የሚማረው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ በለመነው ቁራሽ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዲያብሎስ ጌታን ሲፈትን ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል፤ ጌታም ከኦሪት ዘዳግም ጠቅሶ መለሰለት። እንግዲህ አንድ ጥቅስ ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው፣ ጥቅሱ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሊስት ይችላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ አስተማሪ እንደሚያሻው ለመናገር አላፈረም፤ ፊልጶስን በሠረገላው አስቀምጦ ተማረ፤ ተጠመቀም።

ዕውቀት ያለ ፍቅር እንደሚያስታብይ አንዘነጋም። ስለዚህ የምንማረው ሰውን በክርክር ለመርታት አይሁን። ያ ጓደኛችን ዛሬ ቢጠይቀን የምናውቀውን በፍቅር ልንነግረው፣ የማናውቀውንም «መምህር ጠይቀን እንመልስልሃለን» ልንለው ይገባናል።

እንግዲህ ከማርቆስ ወንጌል እንጀምር፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ ብናነብ 3 ሳምንት ሳይሞላ እንጨርሰዋለን። ያልገባንን ጽፈን እሑድ ለመምህራችን እናቅርብ። ያን ጊዜ በቅዳሴ የምንሳለመው መጽሐፍ ውስጡን የምናውቀው መጽሐፍ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።