ቃልስ ይሸጣል?

አንድ የጥናት ድርጅት ሲሸጥ ጠረጴዛው፣ ኮምፒዩተሩ፣ መኪናው ሁሉ ተቆጥሮ አዲሱ ባለቤት ይረከባል። ሠራተኛው በድርጅቱ ስም የገባው ቃልስ? እሱም ከዕቃው ጋር ተመዝግቦ ይሸጣል?

ይህን የምጠይቀው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥናት ቢሮ ተቀጥሬ መጠይቅ አስሞላ ነበር። ቤት ለቤት እየዞርኩ የሰውን ገቢ፣ ዕዳና ሕመም እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ቡና ቀድተውልኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር የትም አይሄድም አይደል?» አሉኝ። «አይሄድም እማማ፤ ስምዎም አይጠቀስም» አልኳቸው። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ወር ሳይሞላ ቢሮው ተሸጠ። ነባሩ ሥራ አስኪያጅ ተሰናበቱ፤ በምትካቸው የመጡት ሰው ሰብስበውን «ከእንግዲህ ሁላችንም የአንድ ቤት ልጆች ነን» አሉን። ሳምንት ቆይተው ስም ከነመልሱ ተለቅሞ ለአንድ ደንበኛ እንዲዘጋጅ አዘዙ። እርስ በርስ ተያየን። ቀጣዩ ተሰናባች ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ዝርዝሩን ለቅሜ ሰጠሁ። «ቃሉ የድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ተሸጧል» እያልኩም ራሴን አጽናናሁ።

ይህን ማጽናኛዬን ያፈረሰብኝ የአሜሪካው ቤል ላብስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመው፣ በ1947 ትራንዚስተርን ለዓለም ያበረከተው ይህ የምርምር ተቋም ጌታው ብዙ ጊዜ ተለዋውጦበታል፤ በ1996 ከኤቲ ኤንድ ቲ ወደ ሉሰንት፣ በ2006 ወደ አልካቴል ሉሰንት፣ በ2016 ወደ ኖኪያ ተላልፏል። ሉሰንት ኪሳራ ላይ ወድቆ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባሰናበተበት በዚያ የጭንቅ ወቅት፣ ያን ሄንድሪክ ሾን የተባለ ወጣት ተመራማሪ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ዓለምን ያስደንቅ ነበር። ኋላ ግን የፕሪንስተንና የኮርኔል የፊዚክስ ሊቃውንት አንድ ግራፍ በተለያዩ ሙከራዎች ስም መታተሙን ደረሱበት። ለተቸገረ ኩባንያ ዝምታ በቀለለው ነበር። ቤል ላብስ ግን በ2002 የውጭ ሊቃውንት መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ከ24 ክሶች 16ቱን አረጋገጠ። ሪፖርቱ ይፋ ሆነ፤ ሾንም ተባረረ።

ቤል ላብስን ቅዱስ ላደርገው አይደለም፤ ሐሰቱ በገዛ ጣራው ሥር ለዓመታት ኖሯል። ይሁንና የቃሉ ባለዕዳ ለማን እንደሆነ በመጨረሻ አልዘነጋም። ለባለአክሲዮን ብቻ አልነበረም፤ ሙከራውን በዓይኑ ማየት ለማይችለው፣ አምኖ ለሚያነበው ሰውም ነበር።

«አንተ ደመወዝተኛ ነህ፤ ቃል ያስገባህ ቢሮው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ መታወቂያው የቢሮው ነበር። አፉ ግን የእኔ ነው። እማማ ያመኑት ማኅተሙን አይደለም፤ ቡና የቀዱት ለእኔ ነው። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ፣ ከተናጋሪው በስተቀር ሌላ ባለቤት አላስቀመጡለትም።

እንጀራው የተያዘበትን ሠራተኛ «ለምን እምቢ አላልክም?» ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም፤ እኔም አላልኩምና። የምለው ሌላ ነው፤ ፍርሃት ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ዕዳውን ግን ወደ ሌላ ትከሻ አያዛውርም።

ቢሮው ከዚያ ወዲህ ስሙን ቀይሯል። እኔ ግን ዛሬም በዚያ ሰፈር ሳልፍ፣ እማማ በር ላይ እንዳልታይ መንገድ እሻገራለሁ።