ዶሮዋና ሕፃኑ

የበዓል ዋዜማ ላይ እናት ዶሮዋን በፈላ ውሃ ነክራ ላባዋን ነቅላ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባለች። ውሃው ጥርት እስኪል እጇ አያርፍም። ሙያዋም ፍቅሯም እዚያ ይታያል። ከሳፋው የሚፈናጠቀው ጠብታ ግን ቃሪያው ላይ፣ መክተፊያው ላይ፣ አጠገቧ ዳዴ በሚለው ሕፃን እጅ ላይ ያርፋል። በዚያ ጠብታ ውስጥ ካምፒሎባክተር ሊኖር ይችላል።

ይህ ጠምዘዝ ያለ ባክቴሪያ በጣም የሚመቸው 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የዶሮ ገላ ሙቀት ማለት ነው። አንጀቷ ውስጥ ይራባል፤ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሰማት ትጭራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች። ወደ ሰው ሲሻገር ትኩሳት፣ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ለዚህም ጥቂት መቶ ባክቴሪያዎች ይበቃሉ። ለዶሮዋ ቤተኛ የሆነው ፍጥረት ለልጁ ደዌ መሆኑ ሁሌም ይከነክነኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውም አብሮ መኖራችን ነው፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ወለል።

ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1886 በተቅማጥ በሞቱ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያዎችን አይቶ ነበር። በቤተ ሙከራ ግን ሊያራባቸው አልቻለም። ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ ከበሽተኞች ሰገራ እያራቡ የተቅማጥ መንስኤነቱን በሰፊው የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስንት እናት ልጇን ቀብራ «ምች ነው» ብላ ይሆን?

የባክቴሪያው ጉልበት ግን ይህን ያህል አይደለም። ድርቀት ይገድለዋል፤ እሳትም ይገድለዋል። ለሰዓታት የተንተከተከ ዶሮ ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው ከእሳቱ በፊት ያለው ነው፦ ጥሬውን የነካው ቢላ ሰላጣ ሲቆርጥ፣ በሳሙና ያልታጠበ እጅ ሕፃን ሲያጎርስ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኩስ ያለበት ወለል ነው። ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ካምፒሎባክተር ተቅማጥ ሳያስከትል እንኳ በሕፃናት አንጀት ውስጥ ደጋግሞ ሲገኝ ከመቀንጨር ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አሳይተዋል።

ዶሮ ለብዙ ቤት የደብተር መግዣ ናት፤ አስወግዷት የሚል ምክር አይዋጥልኝም። ዶሮዎቻችሁ ከልጆቻችሁ ጋር የሚያድሩ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ውጭ ቆጥ ሥሩላቸው።